የየኔታ ድምፅ እና ሁለቱ ሃርድ ዲስኮች

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ፣ ባሕር ዳር ሹም አቦ

የሰፈራችን ኮብልስቶን በካፊያ ረጥቦ ያብለጨልጫል። ጎረቤቴ ታደለ ባጃጅ አስቁሞ በር ላይ ይጠብቀኛል። የካሜራውን እግር ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አጋደመና፣

«ሰናይት፣ የረሳሽው ነገር የለም?» አለኝ።

እጄን ወደ ቦርሳዬ የጎን ኪስ ሰደድሁ። ሁለቱ አዳዲስ ሃርድ ዲስኮች በሹራብ ተጠቅልለው ተኝተዋል።

«የለም፤ እንሂድ» አልሁት።

ታደለ ፋብሪካ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። እኔ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፤ ሰርግ፣ ምርቃት፣ የማኅበር በዓል፣ የተገኘውን ሁሉ። የዛሬው መንገድ ግን ወደ ዘጌ፣ ወደ ታደለ አባት ነው። አባቱ የኔታ ጥበቡ የዜማ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸውን ያስተማሩበት ደብር የራሱ ይትበሃል አለው፤ በጽጌ ወር የሚባል፣ በሌላ ደብር የማይሰማ ዜማ። የኔታ ከመምህራቸው በቃል ነው የተቀበሉት። የዜማውን ምልክት በብራና ያሰፈረ ሰው የለም። ዛሬ ሙሉውን የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ተማሪው ሁሉ እኩሌታው ላይ ሳይደርስ ወደ ከተማ ወርዷል። ታደለ ራሱ በልጅነቱ ከጉባኤው ኮብልሎ አስኳላ የገባ ነው።

አሁን በየኔታ ጉሮሮ ውስጥ ክፉ ዕጢ በቅሏል። ሐኪሙ ለታደለ ፊት ለፊት ነግሮታል። በሚመጣው ሰኞ ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ፤ ድምፅ የሚያወጣው አካላቸው በሙሉ ተቆርጦ ይወጣል። ከዳኑ ይበላሉ፣ ይሄዳሉ፣ የልጅ ልጅ ያቅፋሉ። ድምፅ ግን አይኖራቸውም።

«እስከ ሰኞ ያለውን እንያዝ» ነበር ያለኝ ታደለ፣ በሬን አንኳኩቶ ሲለምነኝ።

ስለ ሃርድ ዲስኩ ያን ያህል የተጨነቅሁት በዚህ ምክንያት ነው። ካሜራ ቢበላሽ ሌላ ይዋሳሉ፤ የተቀረጸው ከጠፋ ከማን ይዋሷል? አሮጌው ሃርድ ዲስኬ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ያለው ነው፤ ሰሞኑን ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል። ጀልባ ላይ ሲናጥ፣ ጫካ ለጫካ ሲንገጫገጭ ይችላል ብዬ አላመንሁትም። መሀል ከተማ ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። ነጋዴው ሁለት ዓይነት አወጣልኝ፤ አንዱ ወፍራሙ፣ ባለ ሳህኑ። ሌላው ቀጭኑ፣ ምንም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ኤስኤስዲ የሚባለው።

«ይች ብትወድቅ አትሰበር፣ ብትናወጥ አትደነግጥ» አለኝ ቀጭኗን እያገላበጠ። «ጣና የምትሻገሪ ከሆነ ይችን ያዥ።»

በእጄ መዘንኋት፤ ለመጠኗ ከበድ ትላለች። ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ አየሁ፤ ሁለት ቴራ እይዛለሁ ትላለች። በሙያችን አንድ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርምና ሁለት ገዛሁ። ከአንድ ካርቶን የወጡ፣ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ።

ማክሰኞ ረፋድ፣ ጣና ላይ

ጀልባው ከወደቡ ሲወጣ እምቦጩን እየገመሰ ነው። አረንጓዴው ምንጣፍ ለሁለት ይከፈላል፣ ከኋላችን ተመልሶ ይገጥማል። ከዚያ ውሃው ይሰፋል። ደንገል የጫነ ታንኳ በአጠገባችን ያልፋል፤ ቀዛፊው ቀና ሳይል እጁን ያነሳልናል። ትልልቅ ነጫጭ የውሃ ወፎች ተሰልፈው ይንሳፈፋሉ። ካሜራዬን አውጥቼ ሁሉንም ቀረጽሁ፤ ብርሃኑ ያማረ ነበር።

ሞተረኛው ዕቃችንን አይቶ፣ «ለቴሌቪዥን ነው?» አለ።

«አይ፣ የኔታ ጥበቡን ልንቀርጽ ነው» አልሁት።

ፊቱ ተለወጠ። «እሳቸውን? በጽጌ ዓሣ ልናጠምድ ስንወጣ ድምፃቸው ውሃው ላይ ይመጣ ነበር። ሞተር አጥፍተን ነበር የምንሰማ። ዘንድሮ ግን አልሰማንም። አሟቸዋል አሉ፣ እውነት ነው?»

ታደለ ወደ ውሃው ዞረ። እኔ ነበርሁ «እውነት ነው» ያልሁት።

ዘጌ

ከጀልባው ወርደን በቡና ጫካው ውስጥ አቀበቱን እንወጣለን። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። የዛፉ ጥላ ከመክበዱ የተነሣ ረፋዱ ምሽት ይመስላል። የየኔታ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ነው፤ የሣር ክዳን፣ በደጁ አንድ የሎሚ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ተማሪ ይቀመጥበት የነበረ መደብ። አሁን መደቡ ላይ የተሰጣው ቡና ነው።

የኔታ ቀጭን ረዥም ሰው ናቸው። አንገታቸውን በነጠላ ጠምጥመውታል። ሲናገሩ ድምፃቸው ሻካራ ነው፤ ቃሉ እየተፋቀ ይወጣል። ዕቃዬን ሳወጣ ቀረብ ብለው አዩና ዲስኳን በመዳፋቸው ተቀበሉኝ።

«የምትይዘው ይች ናት?»

«አዎ የኔታ፣ ይች ናት።»

«ሁሉን?»

«ሁሉን። ደግሞ ሁለት ናቸው፤ አንዷ ብትበላሽ ሌላዋ አለች።»

ሳቁ። «እኔን መምህሬ በአለንጋ ነበር ያስያዙኝ። ጠጉሬ ሸበተ እስክይዘው። ይች ያለ አለንጋ ትይዛለች? የታደለች ናት።»

ከሎሚው ዛፍ ሥር አስቀመጥኋቸው። ታደለ ማይክሮፎኑን ያዘ። ስልኩን አውጥቶ እሱም በጎን ሊቀዳ ሲል፣ «አጥፋው፤ የስልክ ሞገድ ማይኩ ላይ ይጮኻል» አልሁት። አጠፋው።

የኔታ መቋሚያቸውን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጀመሪያ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሳሉ፤ የሞቀ ውሃ በማር ጠጡ። ሁለተኛውም ተሰበረ። በሦስተኛው ግን ያ ሻካራ ድምፅ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ሆነ። ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ መሬት ለመሬት ይሄድና ድንገት ይነሳል፤ ላይ ደርሶ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ እንደ ቅጠል እየተወዛወዘ ይወርዳል። በመቋሚያው እየመቱ፣ በግራ እጃቸው መነሻና መውደቂያውን አየሩ ላይ እየሳሉ ቀጠሉ። የታደለ እንባ ማይክሮፎኑ ዘንግ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ። እኔ ዓይኔን ከካሜራው አላነሳሁም።

እንዲህ እየዘመሩ እያረፉ ዋሉ። በማግስቱም፣ በሣልስቱም። ሲደክማቸው ይተኛሉ፤ እኛ ወደ ወደቡ ወርደን ዓሣ ጥብስ እንበላለን፣ ከምግብ ቤቱ ጄኔሬተር ላፕቶፔን እሞላለሁ። የካሜራዬ ሚሞሪዎች ጥቂት ስለሆኑ ቶሎ ቶሎ ይሞላሉ። እያንዳንዱን ወደ ሁለቱም ዲስክ እገለብጣለሁ። ስሙን አያለሁ፣ መጠኑን አያለሁ፣ ከፍቼ አጫውታለሁ፤ የየኔታ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ነው ሚሞሪውን አጥፍቼ መልሼ ካሜራው ውስጥ የምከተው። ወደ ኢንተርኔት እንዳልልከው በዚያ ጫካ ኔትወርኩ ለአንድ ስልክ ጥሪ እንኳ አይበቃም።

ሐሙስ ወደ ማታ የመጨረሻውን ዜማ ጨረሱ። መቋሚያውን ለታደለ አቀበሉትና ከመደቡ ተደገፉ።

«በቃኝ፤ ሸክሜን አወረድሁ። መምህሬ ሲጠይቁኝ የምመልሰው አገኘሁ» አሉ።

ዓርብ፣ ወደ ባሕር ዳር

የኔታ በጀልባው ጫፍ ተቀመጡ። ድምፃቸውን አሟጠው ነበር፤ ሲጠሯቸው በእጃቸው ነው የሚመልሱት። ፊታቸው ግን ሰላም ነበረው። ሆስፒታል አስገባናቸው።

እሑድ ቀደም ብዬ ቃል የገባሁበት ሰርግ ነበረብኝ። እነዚያኑ ሚሞሪዎች ይዤ ሄድሁ፤ ሞሉ፣ ወደ አሮጌው ሃርድ ዲስኬ ገለበጥኋቸው፣ እንደገና ሞሉ። ሙሽሮቹ ብዙ ዘመድ ነበራቸው።

ሰኞ፣ ሆስፒታል ግቢ

የኔታን ጠዋት ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧቸው። ታደለና እኔ ከግቢው ግራር ሥር ተቀምጠናል። በዙሪያችን ነጠላ የለበሰ፣ ሳፋ የያዘ፣ ድርብ ብርድ ልብስ የተሸከመ አስታማሚ ሁሉ ስም እስኪጠራለት ይጠብቃል።

«ሰናይት፣ እስኪ አባባን አሰሚኝ» አለኝ ታደለ። «እዚያ ውስጥ ሆነው… እኔ እንኳ ልስማቸው።»

ላፕቶፑን ጭኔ ላይ ከፈትሁ። አንደኛዋን ዲስክ ሰካሁ። የፋይሎቹ ስም ተራ በተራ ተደርድሯል፤ መጠናቸው ሙሉ ነው። የረቡዕን ነካሁ። ጥቁር። ይህ ፋይል ሊከፈት አይችልም። ሌላ ነካሁ። ጥቁር። ነቅዬ ሁለተኛዋን ሰካሁ። ያው ነው። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እየነካሁ ወረድሁ። የሚከፈተው የማክሰኞ ረፋዱ ብቻ ነው፤ ውሃው፣ እምቦጩ፣ ታንኳው፣ ወፎቹ። ቀጥሎ የኔታ ከደጃቸው ብቅ ብለው፣ «ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ፤ እህል ቀምሳችኋል?» ሲሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ስም ብቻ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው ደጋግመሽ የምትነኪው?» አለ ታደለ።

«አይከፈትም።»

«ሌላዋ አለች አላልሽም?»

«ሌላዋም አትከፍትም ታደለ።»

ነገሩ አልገባውም፤ ወይም እንዲገባው አልፈለገም። የስክሪኑን ጥቁር እያየ፣ «ትንሽ ቆይተሽ ሞክሪው፤ ሞቆት ይሆናል» አለኝ። በዚያው ሰዓት የአባቱ ስም ተጠራ። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አልቋል።

ማክሰኞ፣ ዓባይ ማዶ

የኔታ በጽኑ ክትትል ክፍል ናቸው፤ ሰው አይገባም። እኛ ድልድዩን ተሻግረን ዓባይ ማዶ ኮምፒውተር ወደሚጠግን ሰው ሄድን። የባጃጁ ሹፌር ሙዚቃውን ለቆታል፤ «ወንድሜ፣ ቀንስልን» አለው ታደለ።

ጠጋኙ ጎልማሳ ነው፤ ሱቁ እንደ ቁም ሣጥን ጠባብ። ዲስኳን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ አንድ ነገር ካስኬደ በኋላ ነቀላት።

«ልክፈታት?» አለኝ።

«ክፈታት።»

ሽፋኗን በቢላ ጫፍ ፈልቅቆ ጠረጴዛው ላይ ገለበጣት። ውስጧ ጥፍር የምታህል፣ ለስልክ የምትሆን ሚሞሪ በሙጫ ተለጥፋለች። ከጎኗ አንድ ቁራጭ ብረት። ብረቱ ዲስኳ ስትያዝ እንድትከብድ ነው።

«ሁለት ቴራ ነኝ እንድትል አድርገው ነው የሠሯት። ትንሿ ስትሞላ የሚመጣውን ተቀብላ ትጥለዋለች፤ ስሙን ብቻ ነው የምትይዘው» አለ።

«እኔ እኮ ገልብጬ ከፍቼ አይቻለሁ! ድምፃቸውን ሰምቻለሁ!»

«ያየሽው ላፕቶፕሽ ለጊዜው በራሱ የያዘውን ነው፤ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በካሜራው ሚሞሪ ላይስ የለም?»

«ሰርግ ቀርጬበታለሁ። ደጋግሜ።»

ሚሞሪዎቹንም ተቀብሎ እስከ ከሰዓት ታገለ። ያገኘው የሙሽሪትን አክስቶች ነው። ሁለተኛይቱን ዲስክ ፈለቀቃት፤ ያችው ጥፍር፣ ያው ቁራጭ ብረት። ሂሳብ ልክፈል ስለው እጁን አወዛወዘ።

ከዚያ ወደ ሻጩ ሱቅ ሄድሁ። ብረቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥሁለት። «እህቴ፣ እኔም እንደመጣልኝ ነው የሸጥሁልሽ፤ ውስጡን በምን አየዋለሁ?» አለኝ። ሌላ ዲስክ ልስጥሽ አለ። ሌላ ዲስክ ምን ያደርግልኛል? ብረቱን አንስቼ ወጣሁ።

ይህን የምታነቡ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከኔ የምትወስዱት ነገር ካለ ይህ ነው። ቀጭን ግዙ ወፍራም፣ ሁለቱን ቅጂ ከአንድ ሱቅ፣ ከአንድ ካርቶን አትግዙ። ከመንገድ በፊት ዲስካችሁን በማይረባ ነገር እስከ አፉ ሙሉት፤ ነቅላችሁ በሌላ ኮምፒውተር ክፈቱት። ቀን ይፈጃል፤ ይፍጅ። እኔ ዛሬ አውቄዋለሁ፤ ለየኔታ አይደርስላቸውም እንጂ።

ረቡዕ፣ ዱርቤቴ

ታደለ ሌሊቱን አስቦ አንድ ስም ይዞ መጣ። ይርጋ የሚባል የየኔታ ተማሪ ነበር፤ በዜማው ትምህርት ከሁሉም ርቆ የሄደው እሱ ነው ይላሉ፤ አሁን ዱርቤቴ በርበሬ ይነግዳል። መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ሰምተን በሚኒባስ ወረድን። ዳርና ዳሩ የደረሰ በቆሎ፣ በየደጁ የተሰጣ ቀይ በርበሬ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሹፌሩን አስቁሜ እቀርጸው ነበር።

ይርጋን በገበያው መሀል በርበሬ ሲያስጭን አገኘነው። ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙ በበርበሬ ትቢያ የቀላ። ታደለን ሲያይ አቅፎ ጉንጩን ሳመው። ነገሩን ስንነግረው ግን ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«የኔታ ድምፅ የላቸውም?»

«የላቸውም።»

«የቀዳችሁትም…»

«የለም» አልሁት።

ጉሮሮውን ጠረገና ዜማውን ጀመረ። ስልኬን አውጥቼ ያዝሁለት። ገበያተኛው ይጮኻል፣ አህያ ያናፋል፣ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኗል። መሬት ለመሬት የሚሄደውን አወቅሁት፤ እሱው ነው! ታደለ ክንዴን ጨበጠኝ። ዜማው ሊነሳ ሲል ይርጋ ቆመ። መልሶ ከመጀመሪያው ጀመረ። እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረና በመዳፉ ግንባሩን መታ።

«ከዚህ ወዲያ የለኝም። መነሻው ላይ ስንደርስ እናቴ አርፋ ወደ አገሬ ተመለስሁ። የኔታ ‹ተመለስ፣ ቀሪውን እሰጥሃለሁ› እያሉ በሰው ይልኩብኝ ነበር። ትዳሩ፣ ንግዱ… እሳቸው የማይሞቱ ይመስለኝ ነበር።»

አንድ ከረጢት በርበሬ ለየኔታ ብሎ ሰጠን። በመንገድ ላይ ታደለ ከረጢቱን አቅፎ፣ «በጉሮሯቸው በርበሬ አይወርድም እኮ» አለና ሊስቅ ሞከረ። አልሆነለትም።

ሐሙስ፣ ሆስፒታል

እንድንገባ ተፈቀደልን። የኔታ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንገታቸው ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳ አለ፤ አየሩ በዚያ ሲገባና ሲወጣ ያፏጫል። ሲያዩን ፊታቸው በራ። የታደለን ራስ ዳበሱ። ከዚያ ወደኔ ዞሩና በጣታቸው ጆሯቸውን ነኩ፤ ቦርሳዬንም አመለከቱ።

ታደለ አየኝ። በመንገድ ላይ ማን እንደሚነግራቸው አልተነጋገርንም ነበር።

ላፕቶፑን ከፍቼ ከጭናቸው አጠገብ አስቀመጥሁ። የተረፈውን አጫወትሁት። ውሃው፣ ታንኳው፣ ወፎቹ። ከዚያ የሣር ክዳኑ ደጅ፣ «ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ፤ እህል ቀምሳችኋል?» ያ ሻካራ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ሲሰማ አጠገባቸው የተኛው በሽተኛ ሳይቀር ቀና አለ። የኔታ የራሳቸውን ድምፅ ሰምተው በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። ስክሪኑ ጨለመ። ጨለማውን እያዩ ጠበቁ። በዓይናቸው ጠየቁኝ።

«የኔታ፣ ሌላው ጠፍቷል። ሁለቱም ሐሰተኛ ሆነው ተገኙ። ምንም አልያዙም» አልኋቸው።

የገባቸው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ግንባራቸው ተቋጠረ፤ ቀጥሎ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። አለቀሱ። ድምፅ የሌለው ልቅሶ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ትከሻቸው ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ከአንገታቸው ቀዳዳ የሚወጣው ፉጨት ብቻ ነው። ታደለ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍቶ «አባባ፣ አባባ» ይላል።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ተረጋጉ። ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና የታደለን እጅ ያዙ። መዳፉን ገልብጠው በጣታቸው ይመቱት ጀመር፤ አንድ ረዥም፣ ሁለት አጭር፣ ደግሞ ረዥም። ግራ እጃቸው አየሩ ላይ ተነሳ። ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ ድንገት ይነሳል፣ ላይ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ እየተወዛወዘ ይወርዳል። ከንፈራቸው ቃሉን ይቀርጻል፤ ቃሉ አይወጣም። ልጃቸውን ትክ ብለው እያዩ አንድ ጊዜ ጨረሱና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ታደለ መዳፉን ዘርግቶላቸው ወደኔ ቀና አለ።

«አሁን የዜማው የቱ ላይ ናቸው?» አለኝ።

አላወቅሁም። ነርሷ የጉብኝት ሰዓት ማለቁን ልትነግረን ገብታ ነበር፤ እሷም እኛም ቆመን የየኔታ እጅ ሲወጣና ሲወርድ እናያለን።